ሸንጎ ያጣ ክርክር

ስለ ኦሮሞ የገዳ ሥርዓት በጽሑፍ ከደረሱን ምስክርነቶች ቀዳሚው አባ ባሕርይ በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በግእዝ ያዘጋጁት አጭር ታሪክ ነው። መነኩሴው በዘመኑ ጦርነት ተፈናቅለው ንብረታቸውን ያጡ ሰው ናቸውና ብዕራቸው የወዳጅ ብዕር አይደለም። ያም ሆኖ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ሉባ ከሚባለው ከአንዱ የገዳ ተረኛ ክፍል ወደ ተከታዩ እንደሚያልፍ አንድ በአንድ መዝግበዋል። የተሸነፉበትንም ምክንያት በባላጋራቸው ላይ ብቻ አልጫኑትም። የገዛ ወገናቸው በአሥር ክፍል የተከፈለ መሆኑን፣ ከአሥሩም የሚዋጋው አንዱ ብቻ እንደሆነ ጽፈዋል። ቂም እያለበት የተቃራኒውን አደረጃጀት መርምሮ፣ የራሱንም ጉድለት ዘርዝሮ የሚጽፍ ሰው በየዘመኑ አይገኝም።

በዛሬው ምዕራብ ሸዋ የዚህ ሥርዓት ማዕከል ኦዳ ቢሲል ነበር። የሜጫ ኦሮሞ ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት ሜጫ ከወንድሙ ጎሳ ከቱለማ ተለይቶ ጨፌ የሚባለውን የራሱን ሸንጎ የተከለው፣ ማኮ ቢሊም ሕጉን የደነገገው በዚያ የዋርካ ጥላ ሥር ነው። ከሕጉ ዝርዝር ይልቅ ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው የስብሰባው አካሄድ ነው። ጨፌ ሲቀመጥ መጀመሪያ ምርቃት አለ። ሽማግሌው ይመርቃል፣ ጉባኤው እየተቀበለ ይመልሳል፤ ስለ ሰላም ሳይመረቅ ነገር አይነሣም። ከዚያ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ተራ የሚሰጥ ሰው አለ፣ ከአፍ ላይ መንጠቅ ነውር ነው። ነገሩ ከከረረ ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ሰጥተው ይነሣሉ፤ ቁጣው ውሎ አድሮ ሲበርድ እንደገና ይቀመጣሉ። ጣልያናዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ማርኮ ባሲ ተመሳሳዩን ሥርዓት በቦረና አጥንቶ እንደጻፈው፣ የጉባኤው ዓላማ የታወከውን ሰላም መመለስ ነውና ጥፋተኛው ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ሲለምን የተጣለበት ቅጣት ብዙ ጊዜ ይነሣለታል።

ነፍስ የጠፋ እንደሆነ ደግሞ ጉማ የሚባለው የደም ዕርቅ አለ። ጉማው እስኪፈጸም የገዳይና የሟች ቤተሰብ አብረው አይበሉም፣ አብረው አይጠጡም። በመካከላቸው የሚመላለሱት ሽማግሌዎች ናቸው። ጥሩ ሽማግሌ ከሟች ወገን የሰማውን የቁጣ ቃል ሁሉ ተሸክሞ ወደ ገዳይ ወገን አይሄድም። የሚደርሰውን ያደርሳል፣ የሚያባብሰውን ሆዱ ውስጥ ይቀብረዋል። ጠብ በድንገት ሲነሣም ሴቶች ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው በሁለቱ ወገን መካከል ከቆሙ ያንን አልፎ መማታት ክልክል ነው። ይህን ሁሉ ስናደንቅ የጎደለውን መሸፈን የለብንም። ጨፌው ላይ የሚቀመጡት ወንዶች ነበሩ፤ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪው፣ በባርነት የተያዘውም ሰው እዚያ ድምፅ አልነበራቸውም። ያ ሸንጎ ለተቀመጡበት ሰዎች የሰጠውን ክብር ውጭ ለቆሙት አልሰጠም።

በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ የምኒልክ ጦር ምዕራቡን ሲይዝ የገባው ሰው የራሱን የሙግት ባህል ይዞ መጣ። አዲስ ዓለም ተቆረቆረች፤ ከዚያ ወዲያም በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር መስመር ሹሙና ወታደሩ ሰፈረ። የዚህ ሰው ችሎት ብዙ ጊዜ ከዛፍ ሥር ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቆራኝቶ፣ አንዱ ሌላውን ጥሎ እንዳይሄድ ታስሮ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ሹም በሌለበት መንገደኛውን አስቁሞ «ፍረደን» ማለት ይቻል ነበር፤ የተጠየቀውም ሰው ሥራውን አቁሞ የመንገድ ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። በላ ልበልሃ የሚባለው ክርክር በግጥምና በተጠየቅ፣ ዘንግ እየተወዘወዘ፣ በፈረስ በበቅሎ፣ በማር እየተወራረዱ የሚካሄድ ነበር። ተመልካች ከየአቅጣጫው ይሰበሰባል፣ ያማረ ንግግር ሲሰማ ያደንቃል። ነገሩ ወደ ድብድብ ካመራ ደግሞ አንድ ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ የተነሣ እጅ ይወርዳል።

በዚያ ችሎት ፊት ሁሉም እኩል ነበር ማለት አይቻልም። መሬቱን ያጣው ጭሰኛ ከመልከኛው ጋር ሲሟገት ዳኛው የመልከኛው ወዳጅ ሊሆን ይችላል። ኦሮምኛ ብቻ የሚያውቀው ገበሬ በአማርኛ ችሎት የሚቆመው በአስተርጓሚ ነው፤ አስተርጓሚው የጣለው ቃል ከነገሩ ጋር ይወድቃል። ይህ ጉዳይ በእኛ ዘመን በሌላ መልክ ተመልሷል፤ ቦታው ሲደርስ እመጣበታለሁ።

ጨፌው በአዲሱ አስተዳደር ሥር እየደከመ ሲሄድ ክርክሩ አብሮት አልሞተም፤ የሚሄድበትን ፈለገ። ያገኘውም ቃሉ የሚባሉትን የመንፈስ መሪዎች ደጅ ነው። በሜጫ ምድር ጥናት ያደረገው ስዊድናዊ ካርል ኤሪክ ክኑትሶን በ1967 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ተርኳል። የገዳ ሹማምንት ሥልጣን ሲያጡ ቃሉዎች ከመንፈሳዊ ሥራቸው ጎን ዳኝነትን ደርበው ያዙ። የመንግሥት ፍርድ ቤት በከተማው ውስጥ ሥራውን እየሠራ ባላጋራዎች ተስማምተው ወደ ቃሉው ግቢ ይሄዱ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። እዚያ በቋንቋቸው ይሰማሉ፣ የሚሰሟቸው ሽማግሌዎች ማንነታቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ ከማን ጋር ድንበር እንደሚጋሩ ያውቃሉ። መዋሸት ይከብዳል። መሳደብም ይከብዳል፣ ነገ በገበያ ከተሳደቡት ሰው ጋር መገናኘት አለና።

አምቦ ራሷ በዚህ ጊዜ ሌላ ከተማ እየሆነች ነበር። ፍል ውኃዋ መኳንንቱን ሳበ፣ ስሟም በመንግሥት መዝገብ ሀገረ ሕይወት ተባለ፤ የማዕድን ውኃዋ ከ1922 ዓ.ም ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ አገር ምድሩን ዞረ። በ1939 ዓ.ም የተከፈተው የግብርና ትምህርት ቤት፣ የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ፣ ከየክፍለ ሀገሩ ተማሪ አመጣ። አንድ ሰው ጠዋት ገበያ በኦሮምኛ ተገበያይቶ፣ ከሰዓት በቢሮ በአማርኛ አመልክቶ ይውላል። የከተማው ሰው በየሠፈሩ ዕድር መሠረተ፤ የዕድሩም መተዳደሪያ ደንብ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ከተማ የሚያረፍደውን፣ ስብሰባ የሚረብሸውን፣ አባል የሚሳደበውን በገንዘብ ይቀጣ ነበር። «ሥነ ሥርዓት!» ብሎ እጁን የሚያነሣ ሽማግሌ በየዕድሩ አለ። ያ ሽማግሌ ተናጋሪውን ያስቆማል፤ ተናጋሪውም ይቆማል፣ ምክንያቱም ነገ ቢሞት የሚቀብሩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ስለ ጨዋ ክርክር ብዙ የተጻፈ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ጠንካራ ማሰሪያ ግን አላገኘሁም።

ይህ ማሰሪያ ግን ለትልቁ የአገር ጥያቄ አልደረሰም። በ1955 ዓ.ም የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ሲመሠረት ዓላማው ትምህርት ቤት፣ መንገድና ክሊኒክ ማሠራት ነበር። መሪዎቹ ጄኔራል ታደሰ ብሩና ጠበቃው ኃይለማርያም ገመዳ በሕግ ተመዝግበው፣ በአደባባይ ሰብስበው የተናገሩ ሰዎች ናቸው። ማኅበሩ ታገደ፣ መሪዎቹ ታሠሩ፤ ታደሰ ብሩም በመጋቢት 1967 ዓ.ም በደርግ ተገደሉ። በአደባባይ የተከለከለው ጥያቄ ወደ በረሃና ወደ ድብቅ ወረቀት ሄደ።

ከዚያ የመጣው ዘመን ስለ ክርክር የሚያስተምረን ነገር መራራ ነው። በ1968 ዓ.ም በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» በሚባለው ዓምድ የግራ ቡድኖች በጽሑፍ ተሟገቱ። ተማሪውና መምህሩ ጋዜጣውን እየተሻማ ያነብ ነበር። ጽሑፎቹ ረጃጅም፣ ጥቅስ የበዛባቸው፣ አንዳንዶቹም በእውነት የጠለቁ ነበሩ። ነገር ግን ባላጋራውን በስም ከመመለስ ይልቅ ታርጋ መለጠፍ ለመደ፤ አድኃሪ፣ አናርኪስት፣ ባንዳ ይባባሉ ጀመር። ዓመት ሳይሞላ ታርጋው የሞት ፍርድ ሆነ። ዋነኞቹ ተሟጋች ቡድኖች ኢሕአፓና መኢሶን አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ አንድ መጽሐፍ ያነበቡ ልጆች ነበሩ። መካከላቸው የሚቀመጥ፣ «ቀጠሮ ይሁን» የሚል ሽማግሌ አልነበረም፤ የመድረኩ ባለቤት የሆነው መንግሥት ደግሞ የክርክሩን ማሸነፊያ ጠመንጃ አድርጎት ነበር።

በ1997 ዓ.ም ነገሩ የተቃና መሰለ። የግንቦቱ ምርጫ ሊደርስ ሲል ገዢው ፓርቲና ተቃዋሚዎች በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተከራከሩ። የአምቦ አካባቢ ልጅ የሆኑት ዶክተር መረራ ጉዲና በቀልድና በምሳሌ አዋዝተው ሲናገሩ፣ ባለሥልጣኑ ሲመልስ፣ አወያዩ ሰዓት ሲቆጥር አገሩ ሁሉ ተመለከተ። ቡና ቤት ውስጥ ቆሞ የተመለከተ ሰው ያንን ሰሞን አይረሳውም። ምርጫው ወደ ውዝግብና ወደ ደም ካመራ በኋላ ግን መንግሥት የስልክ የጽሑፍ መልእክትን አገልግሎት ዘጋው። አገልግሎቱ የተመለሰው በ2000 ዓ.ም መባቻ፣ በሚሊኒየሙ ዋዜማ ነው። ሁለት ዓመት ከሞላው ጊዜ በላይ የኢትዮጵያ ሞባይል መደወል እንጂ መጻፍ አይችልም ነበር። ክርክር ሲከር ገመዱን መቁረጥ በአገራችን የተጀመረው ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ እየተለመደ ሄደ።

አገር ቤት ሲዘጋ ክርክሩ ወደ ውጭ ተሻገረ። በዋሽንግተን፣ በሚኒሶታ፣ በለንደን ያሉ ኢትዮጵያውያን ፓልቶክ በሚባለው የኢንተርኔት የድምፅ መድረክ ክፍሎች ሌሊቱን ሲሟገቱ ያድሩ ነበር። የሚገርመው እዚያ ሥርዓት ነበር። እጅ ይወጣል፣ ወረፋ ይያዛል፣ የክፍሉ ኃላፊ ማይክ ይሰጣል፤ የተሳደበው ቀይ ነጥብ ተለጥፎበት ድምፁ ይዘጋል። የጨፌው ተራ ሰጪ በኮምፒውተር ላይ ተመልሶ የመጣ ያህል ነው። የጎደለው የተናጋሪው ስም ነበር። ቀይ ነጥብ የተለጠፈበት ሰው በሌላ የብዕር ስም ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይመለሳል። ክፍሎቹም ቀስ በቀስ በወገን ተለያዩ፤ የሚስማማው ከሚስማማው ጋር ብቻ መነጋገር ለመደ።

በ2006 ዓ.ም አምቦ የዜና ማዕከል ሆነች። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ሲታወቅ፣ መሬታችን ይወሰዳል የሚል ሥጋት በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ገበሬዎች ዘንድ ተነሣ። ዕቅዱን የገዢው ፓርቲ አባላት የሆኑ የኦሮሚያ ሹማምንት ጭምር በአዳማ ስብሰባ ላይ ሲቃወሙት በቴሌቪዥን ታይቷል። ስብሰባው እዚያ ቢቀጥል፣ በየወረዳው ገበሬው ተቀምጦ ቢጠየቅ፣ የሆነው ባልሆነ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሚያዝያ 22 ቀን 2006 ዓ.ም በአምቦ በተማሪዎችና በነዋሪዎች ላይ ጥይት ተተኮሰ። መንግሥት ስለ ሟቾች የሰጠው ቁጥርና ነዋሪው የተናገረው ቁጥር እጅግ የተራራቁ ነበሩ። በዚያው ሳምንት ውስጥ የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች በአዲስ አበባ ታሠሩ። እነዚህ ወጣቶች ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን አውጥተው፣ ሕገ መንግሥቱን እየጠቀሱ የሚጽፉ ነበሩ። በስሙ የሚጽፈው ሲታሠር ያየ ሰው በማግሥቱ ስሙን ደበቀ።

ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ፣ ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም፣ ጊንጪ ተነሣች። መነሻው የአካባቢ ነገር ነበር፤ ደኑንና የኳስ ሜዳውን ለኢንቨስትመንት መስጠት። የትንሽ ከተማ ተማሪዎች ያነሡት ተቃውሞ በቀናት ውስጥ ኦሮሚያን አዳረሰ። ፎቶግራፉና ቪዲዮው ከጊንጪና ከአምቦ በስልክ ይወጣል፤ በሚኒሶታ በ2006 ዓ.ም የተቋቋመው ኦኤምኤን ቴሌቪዥንና በፌስቡክ ብዙ ተከታይ ያላቸው ሰዎች ተቀብለው ይመልሱታል። በጥር 2008 ዓ.ም ማስተር ፕላኑ ተሰረዘ። ያኔ ስልክ ለተበደለው ሰው ሸንጎ ሆኖለት ነበር፤ ይህን ሳይመሰክር ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ክፋት ብቻ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ታሪክ ትቶታል። ሐምሌ ላይ ፈተና ወጣ ተብሎ ፌስቡክ ተዘጋ። ነሐሴ 15 ቀን የጀልዱው ልጅ ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ አሳየ። አንድ ቃል ሳይናገር የተናገረው በየስልኩ ዓለምን ዞረ።

በመስከረም 2009 ዓ.ም ከቢሾፍቱ የኢሬቻ ዕልቂት በኋላ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ ኦኤምኤንና ኢሳት የተባሉትን የውጭ ጣቢያዎች መመልከት ክልክል ሆነ። መረራ ጉዲና በብራስልስ በአውሮፓ ፓርላማ ከተቃዋሚ መሪው ከብርሃኑ ነጋና ከፈይሳ ሌሊሳ ጋር በአንድ መድረክ ተቀምጠው ሲመለሱ በኅዳር ታሠሩ። በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰበው የዩኔስኮ ኮሚቴ የገዳ ሥርዓትን በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ አሰፈረው። ዓለም ያከበረው ቅርስ ባላጋራዎችን በአንድ ጥላ ሥር የሚያስቀምጥ ነው፤ የአካባቢው ልጅ የታሠረውም ተቀመጠ ተብሎ ነው። ይህ ነገር እስካሁን ያሳዝነኛል።

በ2010 ዓ.ም ጥቅምት ላይ የሆነውን ደግሞ በደስታ ነው የምጽፈው። «ጣና ኬኛ» የሚል ቃል በስልክ ተሰራጨ፤ ከኦሮሚያ የተነሡ ወጣቶች ሐይቁን የወረረውን እንቦጭ ሊነቅሉ ወደ ጣና ሄዱ። የወቅቱ የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት አቶ ለማ መገርሳም ተከትለው ባሕር ዳር ገቡ። ለወራት ሲሰዳደቡ የከረሙ የኦሮምኛና የአማርኛ ገጾች ለጥቂት ሳምንታት እርስ በርስ ተመራረቁ። ጥር 9 ቀን መረራ ተፈቱ። ሚያዝያ 3 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሥልጣን በያዙ በዘጠነኛው ቀን አምቦ መጥተው ሕዝቡን በስታዲየም አነጋገሩ፤ ሰኔ ላይ ተዘግተው የነበሩ 264 ድረ ገጾች ተከፈቱ። በሩ ተከፈተ፣ ጉባኤው ሞላ፣ ተራ ሰጪ ግን አልተሾመም።

ከላይ ስለ አስተርጓሚው ያነሣሁት እዚህ ላይ ይመለሳል። የአምቦ ወጣት ኦሮምኛውን ቁቤ በሚባለው የላቲን ሆሄ፣ አማርኛውን በፊደል ይጽፋል፤ ሁለቱንም ያነብባል። የጎንደሩ ወይም የአዲስ አበባው ወጣት ግን ብዙውን ጊዜ ቁቤውን አያነብም። በአንዱ ቋንቋ የአንድ ሰዓት ንግግር ይደረጋል፤ ወደ ሌላው የሚሻገረው ከመካከሉ የተቆረጠ ግማሽ ደቂቃ ነው። ቆርጦ የሚያሻግረው ሰው ደግሞ እንደ ጉማ ሽማግሌው አይደለም፤ የሚያባብሰውን መርጦ ያደርሳል፣ ተመልካች የሚያገኘው በዚያ ነውና። ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛም የሚሻገረው በዚሁ መንገድ ነው።

ጥቅምት 12 ቀን 2012 ዓ.ም ሌሊት የፖለቲካ አራማጁ ጃዋር መሐመድ ጥበቃዎቹ ሊነሡበት እንደሆነ በፌስቡክ ከጻፈ በኋላ በተነሣው ሁከት መንግሥት 86 ሰዎች መሞታቸውን ገለጸ። የካቲት 5 ቀን ፓርላማው የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣውን ሕግ አጸደቀ፤ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሆኖ ታተመ። ጥላቻ የተናገረ እስከ 2 ዓመት እሥራት ወይም እስከ 100,000 ብር፣ ንግግሩ ጥቃት ያስከተለ እንደሆነ እስከ 5 ዓመት እሥራት። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰት ያሠራጨ ደግሞ እስከ 3 ዓመት። የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ይጠበቃል። ሕጉ ካስፈለገበት ምክንያት ጋር አልከራከርም፤ ሰው እየሞተ ነበር። ግን የአምቦ ዕድር ያለው ነገር እዚህ ውስጥ የለም። ሕጉ የሚያውቀው የመጨረሻውን ቃል ነው፣ ነገሩ እየከረረ ሳለ «ቀጠሮ ይሁን» የሚል አንቀጽ የለውም።

አምስት ወር አልሞላም። የአምቦው ተወላጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ አጋማሽ ለኦኤምኤን በኦሮምኛ ረጅም ቃለ ምልልስ ሰጠ። ስለ ታሪክና ስለ ሐውልት የተናገረው ተቆራርጦ ዞረ፤ ስድብና የሞት ዛቻ ዘነበበት። ሃጫሉ በ17 ዓመቱ ታሥሮ አምስት ዓመት በአምቦ ወህኒ ያሳለፈ፣ ዘፈን መጻፍም እዚያው የጀመረ ሰው ነበር። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም ማታ በአዲስ አበባ በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፣ ለሦስት ሳምንት ያህልም ተዘግቶ ቆየ። አስከሬኑ ወደ አምቦ ጉዞ ከጀመረ በኋላ ቡራዩ ላይ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ የት ይቀበር የሚለው ራሱ ጠብ ሆነ። በመጨረሻ ሰኔ 25 ቀን በተወለደባት ከተማ ተቀበረ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በኋላ ባወጣው ሪፖርት በእነዚያ ቀናት በኦሮሚያ ቢያንስ 123 ሰዎች መሞታቸውን አሰፈረ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በማንነታቸው ተለይተው የተገደሉ ነበሩ። በለንደን፣ በዊምብልደን በሚገኝ መናፈሻ ውስጥ ቆሞ የነበረው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት በዚያው ሰሞን ተሰበረ።

ኢንተርኔቱ ተዘግቶ ሳለ ግድያው አልቆመም። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ገመዱን የመቁረጥ ፖሊሲ ዋና መከራከሪያው ደም ያድናል የሚል ነውና። የተቆረጠው ገመድ ለአምቦ እናት ልጇ በሻሸመኔ ደህና መሆኑን የምትጠይቅበትም ነበር። ውጭ ያለው ወገን ግን ሲጽፍና ሲናገር ሰነበተ፤ አገር ቤት ያለው «አይ፣ እንዲህ አይደለም፣ እኔ እዚህ ነኝ» ብሎ የሚመልስበት መንገድ አልነበረውም።

በሰሜን ጦርነት ዘመን ነገሩ ከምዕራብ ሸዋ አልፎ ዓለም አቀፍ ክርክር ሆነ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በፌስቡክ ስማቸውና አድራሻቸው በስድብ ከወጣ በኋላ በቤታቸው ደጅ ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፉ እንዲነሣ ለድርጅቱ አመልክቶ ነበር። ታኅሣሥ 5 ቀን 2014 ዓ.ም የፌስቡክ የበላይ ተቆጣጣሪ ቦርድ ስለ ራያ ቆቦ በአማርኛ የተጻፈ አንድ መልእክት መረመረ፤ ምንጩ ያልተረጋገጠውና ሰላማዊ ሰዎችን የሚወነጅለው ያ ጽሑፍ መጀመሪያ ተነሥቶ፣ በይግባኝም ጸንቶ፣ ቦርዱ ጉዳዩን ሲይዘው ተመልሶ የወጣ ነበር። ቦርዱ መነሣቱን አጸና፤ ድርጅቱም በኢትዮጵያ ያደረሰውን ጉዳት በገለልተኛ አካል እንዲያስመረምር መከረ። በትክክል በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2015 ዓ.ም፣ የፕሮፌሰሩ ልጅ፣ የአምነስቲ ተመራማሪው ፍስሐ ተክሌና የኬንያው ካቲባ ተቋም በፌስቡክ ባለቤት ድርጅት ላይ በናይሮቢ ክስ መሠረቱ። ናይሮቢ የተመረጠችው የአማርኛና የኦሮምኛ ጽሑፎችን የሚመለከቱት ሠራተኞች ተቀምጠው የሚሠሩት እዚያ ስለነበር ነው።

በዚሁ ጊዜ ኦሮሚያ ወደ ጥንቱ ተመለሰች። በ2013 ዓ.ም የክልሉ ጨፌ በአዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶችን አቋቋመ፤ የመጀመሪያ ደረጃና ይግባኝ ሰሚ ሆነው፣ ባለጉዳዮች ሲስማሙ በአካባቢ ሽማግሌዎች የሚዳኙ። በየወረዳው የድንበር፣ የብድር፣ የቤተሰብ ጠብ ይዘው የሚቀርቡ ሰዎች ፊት ለፊት ተያይተው ይነጋገራሉ። የሚቀርበው ጉዳይ ተሳዳቢውና ተሰዳቢው አንድ ወረዳ ሲኖሩ ነው፤ ከሚኒሶታ የተጻፈ ስድብ የሚዳኝበት ኦዳ የለም። በስልክ ላይ ደግሞ የአብሮ አደጎችና የዕድር የቴሌግራም ቡድኖች አንድ ደንብ ለምደዋል፤ ፖለቲካ አታንሡ። አድሚኑ ያነሣውን ሰው ያስወጣዋል። ሰላም ይገኝበታል፣ እኔም ምክንያቱ ይገባኛል፤ ሰው ደክሞታል። ግን በአንድ ቡድን ውስጥ ሃያ ዓመት የሚተዋወቁ ሰዎች ስለ አገራቸው መነጋገር ካልቻሉ፣ ያ ንግግር የሚቀረው ለማይተዋወቁት ነው። የኔ ሐሳብ ሌላ ነው፤ በዕድር ቡድን ውስጥ በስሙ የሚናገር ሰው ይናገር፣ ሽማግሌ ተራ ይስጥ፣ ሲከር ለነገ ይቀጠር፣ ከሌላው ቋንቋ የመጣ ነገር ካለ ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ሙሉውን ይተርጉም። አምቦ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አይቸግራትም።

የናይሮቢው ችሎት መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም ብይን ሰጠ። የአሜሪካው ድርጅት ኬንያ ውስጥ ልከሰስ አልችልም ብሎ ያቀረበውን መቃወሚያ ውድቅ አድርጎ፣ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ከሳሾቹ የጠየቁት የተጎጂዎች ካሣ ፈንድ እንዲቋቋም፣ ቋንቋዎቹን የሚያውቁ ተቆጣጣሪዎች ቁጥር እንዲጨምር፣ ደግሞም ድርጅቱ ይቅርታ እንዲጠይቅ ነው።